የዳሳሾች ሰሞን

በዓል ሲቃረብ ያቺ የብርድ ልብስ ሱቅ በሰው ትሞላለች። ድሮም ትሞላ ነበር። ልዩነቱ፣ ድሮ የገባ ሁሉ ተሸክሞ ይወጣ ነበር፤ ዘንድሮ የሚገባው ዳስሶ ለመውጣት ነው። ብርድ ልብሱን በጣቶቹ መሃል ያሸዋል፣ ጉንጩ ላይ ያስጠጋዋል፣ ገልብጦ ስፌቱን ያያል፣ ስልኩን አውጥቶ ከፊትም ከኋላም ፎቶ ያነሳዋል፣ ከዚያ "ዞር ዞር ብዬ እመለሳለሁ" ብሎ ይወጣል። አይመለስም። ቤቱ ገብቶ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ያንኑ የሚመስለውን በስልክ ያዛል።

"ዳሳሾች" ብሎ ስም ያወጣላቸው ባለሱቁ ነው። እሱን ራሱን ሰፈሩ ጋሽ ሜትር ይለዋል፤ መለኪያ ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅማ። ዕድሜውን ሁሉ መጋረጃና አንሶላ ሲለካ ስለኖረ፣ ሰው ቤት በእንግድነት ተቀምጦ እንኳ እጁ ሳያስበው የሰውን ጠረጴዛ በስንዝር ይለካል። ሚስቱን ደግሞ እትዬ ሙቀት ይሏታል። ብርድ ልብስ ስለምትሸጥ ይሁን ፊቷ ለሰው ስለማይጠቁር፣ ስሙ ከየት እንደመጣ የሚያስታውስ የለም። ሱቁን የከፈቱት በተጋቡ ማግስት ነው ማለት ይቻላል፤ ልጃቸውን ያሳደጉትም፣ የተጣሉትም፣ የታረቁትም እዚያው ባንኮኒ ኋላ ነው።

በዚያ ሰሞን አንድ ቀን አንዲት ዘናጭ ሴትዮ ገባችና ወፍራም ወፍራሙን ብርድ ልብስ ከመደርደሪያ እያወረደች ስትዳስስ ቆየች። እትዬ ሙቀት አጥፋ ትመልሳለች፣ ሴትዮዋ እንደገና ታወርዳለች። በመጨረሻ ስልኳን ስታወጣ ጋሽ ሜትር አልቻለም።

"እመቤቴ" አላት፣ "እሱ እኮ ብርድ ልብስ ነው፣ ድመት አይደለም። ማሻሸቱ ይበቃዋል።"

ሴትዮዋ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ብርድ ልብሱን ባንኮኒው ላይ ወርውራ ወጣች።

"አንተ ሰውዬ!" አለች እትዬ ሙቀት፣ ሳቋን በእጇ አፍና። "ያቺን ምላስህን ብትሰበስባት ምን ነበረበት? ምናልባት ልትገዛ ቢሆንስ?"

"ልትገዛ? ዓይኗ እዚህ፣ ኪሷ እዚያ! ቤቴን መዳሰሻ አደረጉት እኮ። እኔ አስጎብኚ ነኝ እንዴ?"

ለጊዜው ሳቀች እንጂ ነገሩ ሆዷ ገባ። የባሏ ቀልድ ድሮ ሰው ያስገባ ነበር፤ አሁን ያስወጣል። ሰው ሲገባ ከወንበሩ ብድግ ብሎ "ኑ እስኪ፣ ማን ነው የበረደው?" ይል የነበረው ያ ሰውዬ ወዴት እንደሄደ አታውቅም። ጓዳው ውስጥ ያለፈው ዓመት ዕቃ ገና ከነላስቲኩ ተቆልሏል። ክምሩ ግን ያን ያህል አላስጨነቃትም፤ ዕቃ ዞሮ ዞሮ ይሸጣል። ያስጨነቃት ሰውዬው ነው።

ልጃቸው አግብታ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ትኖራለች። በዕረፍት ቀኗ ልትጠይቃቸው መጣችና ወሬውን ከሰማች በኋላ አንድ ሐሳብ አመጣች።

"እማዬ፣ እነዚህ በስልክ የሚሸጡት ሰዎች ችግር አለባቸው" አለች። "ሰው ቀን ቀን ሥራ ላይ ነው። ሞተረኛው ዕቃውን ይዞ ሄዶ በር ያንኳኳል፣ የሚከፍትለት የለም። ስለዚህ ዕቃውን የሚያስቀምጥላቸው ሱቅ ይፈልጋሉ። ሰው ከሥራ ሲወጣ ጎራ ብሎ ይወስዳል። ለእናንተም ትንሽ ትንሽ ይከፍሏችኋል። ዋናው ግን ሰው እግሩ ወደዚህ ይለምዳል።"

ጋሽ ሜትር ሻዩን አስቀመጠ። "ይኸውልሽ ልጄ፣ ጅቡን ከደጅ ማባረር አቅቶኛል፤ አንቺ ደግሞ አልጋ አንጥፈህ አሳድረው ትይኛለሽ። የሚበላኝን እኔው ላድልበው?"

"አባዬ፣ እነሱ እኮ አንተ ፈቀድክም አልፈቀድክም..."

"በቃኝ አልኩ!" ብሎ ተነስቶ ጓዳ ገባ።

እናትና ልጅ ተያዩ። እትዬ ሙቀት የጓዳውን መጋረጃ አየት አደረገችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ "አስመዝግቢን" አለች።

ጋሽ ሜትር ነገሩን ባወቀ ጊዜ አኮረፈ። የሱ ኩርፊያ ለየት ያለ ነው። አይጮኽም፣ ዕቃ አይወረውርም፣ ምግብ አይመልስም፤ ብቻ ሚስቱን በቀጥታ ማናገር ያቆማል። የሚፈልገውን ሁሉ የሚናገረው ለትራስ ነው።

"አንተ ትራስ" ይላል ባንኮኒው ላይ ወዳለው ትራስ ዞሮ፣ "ያቺ ሴትዮ መቀሱን የት እንዳደረገችው ታውቃለህ?"

"አንተ ትራስ" ትላለች እሷም፣ "መቀሱ በግራ እጁ ውስጥ ነው በለው።"

እንዲህ እየተባባሉ ሳሉ የመጀመሪያው ሞተረኛ መጣ። ሪዙን የሚያፍተለትል፣ ሳቅ የማያልቅበት ጎልማሳ ነው። "ማዘር፣ የት ላራግፈው?" አላት። እትዬ ሙቀት የትራስ ልብሶቹን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ የታችኛውን መደርደሪያ ለቀቀችለት። ሕጉንም አስረዳት፤ ዕቃ ሊወስድ የመጣ ሰው ስልኩ ላይ የተላከለትን የሚስጥር ቁጥር መናገር አለበት፤ ቁጥር የሌለው ወንድምሽም ቢሆን አይወስድም። እሷም ሕግ አክባሪ ሆነች። አንድ ቀን ራሷ በሕፃንነቱ አዝላ ያሳደገችውን የጎረቤት ልጅ፣ አሁን ጢም ያለው መምህር፣ "ቁጥርህን ንገረኝ" ብላ በር ላይ አቁማዋለች።

ሰው ከሥራ ሲወጣ ሱቁ ይደምቃል። ብዙዎቹ ዕቃቸውን እቤት እስኪደርሱ አያስችላቸውም፤ እዚያው ይፈቱታል። ያኔ ነው ጉዱ። ትልቅ ድስት ነው ብሎ ያዘዘው ሰው የሻይ ኩባያ የምታክል ድስት ይዞ ይቀራል። ለባሏ ሸሚዝ ያዘዘች እጅጌው እስከ ጉልበት ይወርድባታል። እትዬ ሙቀት ታጽናናለች፣ ታስቃለች፣ "ቆይ እስኪ፣ እጅጌው እኮ ቢታጠፍ ያምራል" ትላለች። ሲወጡም አንዳንዱ ዓይኑ ወደ መደርደሪያው ይሄድና "ይቺ አንሶላ ጥሩ ነች" ብሎ ይዞ ይሄዳል። ሁሉም አይደለም። አንዳንዱ ነው።

በስልክ የሚገዛ ሰው ሁሉ ባሏ እንደሚለው ቋጣሪ ወይም ሰነፍ እንዳልሆነ የገባት እዚያ ባንኮኒ ላይ ቆማ ነው። ከሁሉ ግን ሆዷ የቀረው የአንዲት ደልደል ያለች የባንክ ሠራተኛ ነገር ነው። ሴትዮዋ ለበዓል ያዘዘችውን ቀሚስ ልትወስድ መጥታ ነበር።

"ምነው፣ መንገዱ ዳር እስከ ዳር የቀሚስ ሱቅ አይደል እንዴ?" አለቻት እትዬ ሙቀት፣ ለወሬ ያህል።

ሴትዮዋ ትንሽ አመነታች። "ልንገርዎት እትዬ? ሱቅ ስገባ ሻጮቹ መጀመሪያ የሚያዩት ወገቤን ነው። ገና አፌን ሳልከፍት 'በእርስዎ ልክ የለንም' ይሉኛል። ስልኩ ግን አያየኝም። ልኬን እጽፋለሁ፣ ይልክልኛል። በቃ።"

እትዬ ሙቀት ከባንኮኒው ኋላ ወጣችና ቀሚሷን ትንሽ ሰብሰብ አድርጋ እግሯን አሳየቻት። ያደረገችው ጥቁር የወንድ ጫማ ነው፣ ማሰሪያ ያለው።

"የኔን ነው የምታወሪው፣ የኔ እህት። እግሬ ከልጅነቴ ጀምሮ ጀልባ ነው። በሠርጌ ዕለት የታላቅ ወንድሜን ጫማ አድርጌ ነው የተዳርኩት፤ ቀሚሱ ረጅም ሆኖ አዳነኝ። ጫማ ሱቅ ገብቼ 'ትልቁን አሳዩኝ' ስል 'ለባለቤትዎ ነው?' ይሉኛል። እኔም አፍሬ 'አዎ' እላለሁ። የወንዱን ይዤ እወጣለሁ።"

"ውይ እትዬ! ይኸን ሁሉ ዓመት?"

"ይኸን ሁሉ ዓመት! ባሌ እኮ እግር የለውም ቢባል ማንም አያምንም፤ ስንት ጫማ ተገዝቶለታል!"

ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ጨርቅ ይቆርጥ የነበረው የባሏ መቀስ ድምፁ መቆሙን እትዬ ሙቀት ልብ ብላለች፤ ሰውዬው ሻይ የሚጠጣ መስሏት አለፈችው።

ከዚያ በኋላ ባሏ ጠባዩ ተለወጠ። ሞተረኛው ሲመጣ ፊቱን አዙሮ ጓዳ ይገባ የነበረው ሰው በር ላይ ጠብቆ ይይዘው ጀመር። ሁለቱ ሞተሩን ተደግፈው፣ ግንባር ለግንባር ገጥመው፣ በአንድ ስልክ ላይ አቀርቅረው ይንሾካሾካሉ። እሷ ብቅ ስትል ስልኩ ኪስ ይገባል።

"አንተ ትራስ" አለች፣ "ያ ሰውዬ ከጠላቱ ጋር ምን ይማከራል?"

ትራሱም ሰውዬውም አልመለሱላትም።

አንድ ቀን ደግሞ ከምሳ በኋላ፣ ሱቁ ጭር ባለበት ሰዓት፣ እንደ ልማዷ ጓዳ ካሉት ብርድ ልብሶች ላይ ጋደም ብላ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት። ውስጥ እግሯን የሆነ ነገር ሲኮረኩራት ባነነች። ባሏ እግሯ ሥር ተንበርክኳል።

"ምን ሆነህ ነው?" አለች ደንግጣ።

"ሜትሩ ወድቆብኝ" አለ። ካኮረፈ ወዲህ በቀጥታ ሲያናግራት የመጀመሪያው ነው። ጆሮው ድረስ ቀልቶ ብድግ አለና ወጣ። እሷ ግን እግሯ ሥር ወድቆ ይቅርታ ሊጠይቃት ፈልጎ አፉ ያልተፈታለት መሰላት። ስታስበው እስከ ማታ ፈገግ ስትል ዋለች።

ፈገግታዋ ብዙ አልቆየም። በዓሉ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ሞተረኛው ካራገፋቸው ዕቃዎች አንዱ ላይ የተጻፈው ስም የባሏ ነበር። መጀመሪያ ስመ ሞክሼ መሰላት። "የማን ነው ይኼ?" ብላ ጠየቀችው። ሞተረኛው ሪዙን አፍተለተለና "የፋዘር ነው። እኔ ምንም አላውቅም ማዘር፣ አድራሽ ነኝ" ብሎ ሞተሩን አስነስቶ በረረ።

ካርቶኑን አንስታ ነቀነቀችው። ውስጡ ኳ ኳ አለ። ዕድሜውን ሁሉ ከሚስቱ አንዲት ነገር ደብቆ የማያውቅ ሰው፣ ያውም ከዚያ ስሙን ሲሰማ እሳት ከሚተፋበት ገበያ፣ በድብቅ ምን ያዛል? ቆማ አሰበች። ሰሞኑን ቤታቸው ያለበትን ፎቅ ደረጃ ሲወጡ መሃል ላይ ቆም እያለ እንደሚቆይ ትዝ አላት። ግድግዳውን ይዞ፣ ዝም ብሎ። ያን ጊዜ ገባት። መድኃኒት ነው። ሰውዬው ታሟል፣ እኔን ላለማስጨነቅ ደብቆኛል። ያ ሁሉ መነጫነጭም ለካ ሕመም ኖሯል!

አልከፈተችውም። የሰው ዕቃ አይከፈትም፤ የባልም ቢሆን። ከሌሎቹ ለይታ ባንኮኒው ሥር፣ እግሯ አጠገብ አስቀመጠችው። ጋሽ ሜትር አቧራ የሚጠርግ መስሎ በታችኛው መደርደሪያ ፊት ለፊት ይመላለሳል፣ በዓይኑ ይፈልጋል፣ አይጠይቅም። እሷም አትነግረውም። "ይናገር" ትላለች በልቧ፤ "እሱ ራሱ አፉን ከፍቶ ይንገረኝ።" ሾርባውን በጨው ፋንታ ስኳር የጨመረችበት በዚያ ሰሞን ነው። እሱም ዝም ብሎ ጠጣው።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ሱቁ ጢም ብሎ ሞላ። ዕቃ ወሳጁ፣ ዳሳሹ፣ የምሩን ገዢው ተቀላቅሎ ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። ልጃቸውም ልታግዝ መጥታ ከመሰላል ላይ ትራስ ታወርዳለች። እትዬ ሙቀት ቀና ሳትል ቁጥር ትጠይቃለች፣ ዕቃ ትሰጣለች፣ "መልካም በዓል" ትላለች።

"ቀጣይ። ቁጥርዎን ይንገሩኝ።"

"መነጽሬን ላድርግ" አለ የቀጣዩ ሰው ድምፅ።

ቀና ስትል ባሏ ነው። ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዟል፤ በሌላው እጁ ስልኩን ከዓይኑ አርቆ ይዞ ያነባል። እንደ ማንኛውም ሰው ተሰልፎ፣ ተራውን ጠብቆ ነው የደረሰው። ከኋላው ያሉት መሳቅ ጀመሩ።

"ጋሼ፣ ሚስትዎ አይደሉም እንዴ? ዝም ብለው አይወስዱም?" አለ አንዱ።

"አትሰጠኝም" አለ ጋሽ ሜትር። "እሷ ዘንድ ቀልድ የለም።" ቁጥሩንም አንድ በአንድ፣ እንደ ተማሪ፣ ጮክ ብሎ አነበበላት።

እትዬ ሙቀት ካርቶኑን ከእግሯ ሥር አነሳችው። ስትሰጠው አልተቀበላትም።

"ያንቺ ነው" አለ። "ክፈቺው።"

ከፈተችው። ከወረቀቱ ውስጥ የሴት ጫማ ወጣ። የወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ አፍንጫው ለስለስ ብሎ የዞረ፣ ከጎኑ ትንሽ ዘለበት ያለው። አንዱን አውጥታ አየችው፤ ትልቅ ነው፣ በጣም ትልቅ ነው፣ ግን የወንድ አይደለም። ዓይኗ ጭጋግ ለበሰ።

"መድኃኒት መስሎኝ ነበር" አለች፣ እሱ ብቻ በሚሰማው ድምፅ።

"የምን መድኃኒት?"

"ደረጃው ላይ ቆም ቆም ስትል አይቼ ታመህ መስሎኝ..."

"ኧረ አንቺ ሴት! እዚያ የምቆመው አንቺን ስጠብቅ ነው። በዚያ ሰፊ ጫማ እየተጎተትሽ አትደርሽም እኮ።"

ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ድምፅ ከደረቷ ወጣ። እሱ ባንኮኒውን በስንዝር እየለካ፣ ዓይኗን ሳያይ ቀጠለ። "መንገዱን ሁሉ ዞሬያለሁ። የማውቃቸው ባለጫማዎች ጋ ሁሉ ገብቻለሁ። ሁሉም 'የማይሸጥ ቁጥር አናመጣም' አሉኝ። ምን እላቸዋለሁ? እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የምላቸው። እኛ ነጋዴዎች የምናመጣው ለብዙው ሰው የሚሆነውን ነው። አንቺ ደግሞ..." ስንዝሩ ባንኮኒው ጫፍ ደረሰ። "እኔኮ የወንዱን ወደሽው መስሎኝ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት። ለዚያች ለባንኳ ሴትዮ ስትነግሪያት ነው የሰማሁት።"

ሰልፈኛው ጫጫታውን ረስቶ ቆሟል። "ይለኩት እንጂ እትዬ!" አለች አንዷ ከኋላ። ልጅቷ ከመሰላሉ ወርዳ እናቷን በተቆለለ ብርድ ልብስ ላይ አስቀመጠቻት። ጋሽ ሜትር ተንበረከከና ጥቁሩን የወንድ ጫማ ፈታ። ግራው ሰተት ብሎ ገባ፤ እንደ ጓንት። ሰዉ አጨበጨበ። ቀኙ ግን ተረከዙ ላይ ሲደርስ ቆመ። ገፋ፣ ሳበ፣ ተነፈሰ፤ በመከራ ገባ።

"ይጠባል?" አለ ተጨንቆ።

"ትንሽ።"

"ግራውን ብቻ ነበር የለካሁት" አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። "ቀኙን ልለካ ስል ነቃሽብኝ።"

ሱቁ በሳቅ ፈነዳ። ያን ጊዜ ነው ሞተረኛው የመጨረሻውን ዕቃ ተሸክሞ የገባው። ነገሩን በአንድ ዕይታ ተረዳና "ችግር የለም ማዘር፣ ይመለሳል። በሰፊው እንቀይርልዎታለን" አለ።

እትዬ ሙቀት ሁለቱን እግሮቿን ከቀሚሷ ሥር ሰበሰበች። "ማን ነው የሚመልሰው?" አለች። "ይሰፋል። ሰው እንኳ አብሮ ሲኖር ይሰፋ የለ?"

በዚያ በዓል ሱቁ እንደ ድሮው ሸጠ ቢባል ውሸት ይሆናል። የጓዳው ክምር ጎደል አለ እንጂ አላለቀም። ያም ሆኖ ምሽቱ ሳይገፋ በሩን ሲዘጉ ጋሽ ሜትር "ዛሬ ሰው ነበር" አለ፤ ስንት ተሸጠ አላለም።

በበዓሉ ዕለት ጠዋት ወደ ልጃቸው ቤት አብረው ወጡ። መኪና እንያዝ ቢላት እሷ እስከ ሰፈሩ ጫፍ በእግር ካልሆነ አለች፤ መንገዱ ሁሉ እንዲያያት ፈልጋለች። ሱቆቹ ተዘግተዋል፣ አየሩ ጸጥ ብሏል፣ በየመስኮቱ የሰው ድምፅና የሕፃናት ሳቅ ይሰማል። ጋሽ ሜትር እንደ ድሮው ፈጠን ፈጠን ብሎ ጀመረና ከትንሽ መንገድ በኋላ ዞር ብሎ አያት። ቀኟን ቀስ እያደረገች ትረግጣለች፤ አገጯ ግን ቀጥ ብሏል። ተመልሶ አጠገቧ ሆነና ክንዱን ሰጣት። ርምጃውንም በሷ ልክ አሳጠረ።

"ያምሻል?" አላት።

"አያምም።"

"ውሸትሽን ነው።"

"ውሸቴን ነው። ዝም ብለህ ሂድ።"